እጀታውን ሳይከፍት

ሃንክ በድርቆሽ ጎተራው ውስጥ ጠመንጃዋን ለኮርሊስ በሁለት እጁ አቀበለው።

ኮርሊስ ጓንቱን አወለቀ፤ መዳፉን ሱሪው ላይ ጠርጎ ተቀበላት። ለታጣቂ ቡድኖች መትረየስ የሚያሾልከው ይህ ሰው ከተደበቀበት የሚወጣው እንዲህ ያለች አሮጌ ብርቅ ስትገኝ ብቻ ነው። ሃንክም ሁለት ዓመት ሙሉ ሞንታና ውስጥ ከብት ጠባቂ መስሎ የከረመው ለዚህች ቀን ነው።

«ወይ ጉድ! ናሷን አልወለወሏትም!» አለ ኮርሊስ። «ያጠቆራት የሰው ላብ ነው። የማን ናት?»

«የኦርቪል ትቬይት። የአያቱ ናት።»

ሽማግሌው ኦርቪል፣ የሃንክ አሠሪ፣ ከድርቆሽ ጎተራው ውጭ መኪናው ውስጥ ይጠብቃል። «ሰውየው ሊያያት ብቻ ነው፤ ሳትጫር እመልስልዎታለሁ» ብሎ የማለለት ሃንክ ነው።

ኮርሊስ ጠመንጃዋን ትከሻው ላይ ደገነ። አፈሙዟ ወደ ሃንክ ደረት ዞረ።

እጀታውን አልከፈተም።

በዚህ አገር ጠመንጃ የተቀበለ ሰው በመጀመሪያ ከምላጩ ሥር ያለውን እጀታ ወደ ታች ስቦ ጥይት አለመኖሩን ያያል። «እናትህ ባዶ ነው ብላ ብትሰጥህ እንኳ ክፈት» ብሎ ሃንክን መክሮታል ኦርቪል። ኮርሊስ ራሱ ባለፈው የጠመንጃ ገበያ ይህን የዘነጋ ጎረምሳ በሰው ፊት አዋርዷል።

ባዶ መሆኗን ያውቃል ማለት ነው። ማን ነገረው?

ሃንክ ጠዋት በስልክ የተናገረው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ለፖሊስ አለቃው፣ በምስጢር ስሙ «ቆቅ» ለሚባለው። «ጠመንጃዋ ባዶ ናት። እኔም መሣሪያ አልያዝኩም።»

ያመኑት ፈረስ ጣለኝ በደንደስ!

ባርኔጣውን አወለቀ። ከኮረብታው ጀርባ ላደፈጡት ፖሊሶች የተሰጠው ምልክት ይህ ነበር።

ማንም አልመጣም።

«ልፋ ቢልህ ነው» ሳቀ ኮርሊስ። «ቆቅ ሰዎችህን መልሷቸዋል።» ጠመንጃዋን ድርቆሹ ላይ ቀስ አድርጎ አስተኛት። «ደምህ እንዳይነካት።»

እጁን ወደ ሽጉጡ ሰደደ።

ሃንክ ቀደመው። ጠመንጃዋን በአፈሙዟ ጨብጦ ጭንቅላቱን በሰደፏ አለው።

ኮርሊስ ወደቀ። ሰደፏም ተገንጥላ ወደቀች።

በከብት ገመድ እጁን ጠፍንጎ ሲያስረው፣ ከሰውየው ኪስ ስልክ ጮኸ።

«ጨረስከው?» የቆቅ ድምፅ ነው።

«ጨርሻለሁ» አለ ሃንክ። ከዚያም ወደ ዋናው ቢሮ ደወለ። «ሁለት እስረኛ አለ። አንዱ እዚያው እናንተ ጋ ወንበር ላይ ተቀምጧል።»

ኦርቪል ግርግሩን ሰምቶ ገባ። የተዘረረውን ሰው አልፎ ስባሪውን አየ።

«ውይ! ምነው እኔን በመታኸኝ፣ ልጄ!»

«ይቅር ይበሉኝ አባቴ። ፖሊስ ነኝ። ሊገድለኝ ነበር...»

«ፖሊስ? ይህን ሁሉ ጊዜ ማዕዴ ላይ ተቀምጠህ?» ሽማግሌው ወደ ሃንክ ቀና አለ። «ለመሆኑ ስምህ ማነው?»

እውነተኛ ስሙን መናገር አይፈቀድለትም። ስባሪዎቹን ለቅሞ በሁለት እጁ አቀበለው።

ኦርቪል ተቀበለ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እጀታውን አልከፈተም። እንደ ማገዶ ብብቱ ሥር ሸጉጧት ወጣ።

በማግስቱ ሃንክ የሚባል ሰው በዚያ አገር አልነበረም። የት ሄደ ብሎ የጠየቀም የለም።