ፊቱን ሳላይ የወደድኩት ሰው

«ቫይቫ!»

የምሳ ሰሃኔን እንደያዝኩ ቀና አልኩ። አንድ የማላውቀው ረጅም ሰው ፈገግ ብሎ ወንበር ሳበልኝ። ስሜን ደረቴ ላይ ካለው ባጅ ያነበበው መሰለኝ።

«ይቅርታ፣ አንተዋወቅም» አልኩና አለፍኩ። የቪልኒየስ ከተማ ወንድ እንዲህ ደፋር የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው እያልኩ ቀዝቃዛውን የቀይ ሥር ሾርባዬን ጠጣሁ።

በማግስቱ ላብራቶሪ ገባሁ። ከኤይማንታስ ጋር ሦስት ወር አብረን ሠርተናል። እሱ ስስ ክሪስታል ያዘጋጃል፣ እኔ የሌዘር ብርሃን እተኩስበታለሁ። አንዲት የፀጉር ዘለላ ክሪስታሉን ስለምታበላሽ ከራስ እስከ እግራችን ነጭ ልብስ ለብሰን፣ ጭምብልና መነጽር አድርገን ነው የምንሠራው።

«አቶሞቹ ላይ ከጮህሽባቸው ይቃጠላሉ፤ ካንሾካሾክሽ ደግሞ አይሰሙሽም» ይለኝ ነበር፣ የብርሃኑን ኃይል ስለካ። እሱ ስለ አቶም ያወራል፣ የእኔ ልብ ቅልጥ ይላል!

የዚያን ዕለት ግን «እንደምን አደሩ» አለኝ። አደሩ!

«ምን ሆንክ?»

«ምንም።»

ከሳምንት በኋላ ክሪስታሉን በወይዘሮ ዳንጉዎሌ፣ በንብረት ክፍሏ ሴትዮ፣ እጅ ላከው።

«እሱስ?» አልኳቸው።

«ሌላ ቡድን ልግባ ብሎ ማመልከቻ ጽፏል፤ ከምሳ በኋላ ያስገባል። አንቺ ልጅ፣ ምን በድሎሽ ነው በሰው ፊት አላውቅህም ያልሽው?»

«እኔ? መቼ?»

«ምሳ ቤት ነዋ! ወንበር ስቦልሽ!»

ክው አልኩ። የሌዘሩ ኃላፊ ስለሆንኩ የእኔ ፎቶ የላብራቶሪው በር ላይ ተለጥፏል። እኔ ግን የእሱን ፊት አንድም ቀን አላየሁም! ድምፁንም ቢሆን የማውቀው በጭምብል ታፍኖ ነው።

ምሳ ቤት ሮጥኩ። ያን ቀን ተቆጥቼ በቅጡ እንኳ አላየሁትም። ረጅሙን እንዳልፈልግ፣ እዚህ አገር ረጅም ያልሆነ ማን አለ?

«ኤይማንታስ!» ብዬ ጮህኩ። «የትኛው እንደሆንክ አላውቅም! ሦስት ወር ሙሉ ስወድህ... ፊትህን አይቼው አላውቅም!»

ሰው ሁሉ ማንኪያውን እንደያዘ ዞሮ አየኝ። በመስኮቱ በኩል አንዱ ተነሣ፤ ጉንጩ በድንች ተወጥሮ፣ ጆሮው ቲማቲም መስሎ።

እንደ ምንም ዋጠውና «እንግዲህ አየሽኝ» አለ። «አስጠላሁሽ?»

አፍንጫው ትንሽ ጠመም ብሏል። ዓይኑ ግን እንባ አቅርሯል... የእኔም።

«ቀረብ በል እስኪ» አልኩት።

ማመልከቻውን እዚያው ቀደደው። በሰኔ ተጋባን። ይኸው አራት ዓመት ሆነን፣ እኔ ግን አይቼ አልጠገብኩትም።