ከደም በኋላ የተደረደሩ ሳህኖች

ፕሮፌሰሩ ከቤታቸው ጓሮ ባሠሩት ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ ጭንቅላታቸው በማይክሮስኮፕ ተፈርክሶ፣ በአፍጢማቸው ተደፍተው ተገኙ። ክፍሉን የሞላው የረጠበ አፈር ሽታ ገና የተቆፈረ መቃብር ይመስል ነበር።

«መርፌ» የሚሏት መርማሪ ስትገባ ግድግዳው ራሱ ትንፋሹን ዋጠ። ዝንብ ብታስነጥስ የትኛዋ እንደሆነች ለይታ የምታውቅ፣ ውሸታምን ገና ሳይዋሽ የምትይዝ ሴት ናት!

የክፍሉ ቁልፍ ያለው ሦስት ሰው ብቻ ነው፤ ሚስታቸው፣ ረዳታቸውና ሾፌር የሆነው ታናሽ ወንድማቸው። ሾፌሩ እጁ በካቴና ታስሯል።

«ትናንት ጮኸህባቸዋል አሉ» አለችው መርፌ።

«አዎ፣ ጮኼባቸዋለሁ! ልጄ ሆስፒታል ተኝታ ቁስሏ ለየትኛውም መድኃኒት አልበገር ብሏል። ወንድም ጋሼ ጀርም የሚገድል ባክቴሪያ ከአፈር አገኙ ተባለ። ብለምን፣ እግራቸው ላይ ብወድቅ ‹አልሰጥም› አሉኝ!»

«እኔ እንኳ ሽታው ስለሚያመኝ እዚህ ድርሽ አልልም» አለች ሚስትየው።

«እኔ ትናንት እረፍት ላይ ነበርኩ» አለች ረዳትየዋ እንባዋን እየጠረገች። «እንደ አባቴ ነበር የማያቸው።»

መርፌ ባክቴሪያ የሚያድግባቸውን ባለ ክዳን ሳህኖች ከጠረጴዛው ላይ ብድግ አደረገች። ከሥራቸው ደም ደርቋል። ሦስቱንም ጠራቻቸው።

«በግብግቡ የተበተኑትን ሳህኖች ገዳዩ ነው መልሶ የደረደራቸው፤ ደሙ ከሥር የሆነው ለዚህ ነው። እስቲ አንዳንድ ሳህን አስቀምጡልኝ።»

ሾፌሩና ሚስትየው ክዳኑን ወደ ላይ አድርገው አስቀመጡ። ረዳትየዋ ግን እጇን ከኪሷ አላወጣችም።

«ሁላችንም እንደነሱ ነው የምናስቀምጠው» አለች መርፌ። «ገዳዩ የደረደራቸው ግን አንድ ሳይቀር ክዳናቸው ወደ ታች ሆኖ ተደፍተዋል። ክዳኑ ላይ የሚቋጠረው ላብ ባክቴሪያው ላይ እንዳይንጠባጠብ ብሎ የሚደፋቸው የዚህ ሥራ ሰው ብቻ ነው። ፕሮፌሰሩ ያኔ ሞተዋል። ማን ቀረ?»

«ለምን ብዬ እገድላቸዋለሁ?» አለች ረዳትየዋ።

«ይቺን ሳህን እዪያት። ጀርሞቹ ያለቁበት ክብ አለ፤ መሐሉ ላይ መብቀል የነበረበት የአፈር ባክቴሪያ ግን የለም። የተገዛ መድኃኒት ጠብ አድርገሽበት ‹ተገኘ› አልሽ። ፕሮፌሰሩ ደረሱብሽ። ለወንድማቸው ‹አልሰጥም› ያሉትም የሚሰጡት ስለሌላቸው ነው።»

«ነገ ለዓለም ሁሉ እናገራለሁ አሉኝ» አለች ረዳትየዋ በሹክሹክታ። «ሳህኖቹን... መደርደሬን እንኳ አላስታውስም። እጄ ነው።»

የሾፌሩ ካቴና ተፈታ። እሱ ግን ከቆመበት አልተነቃነቀም።

«እትዬ፣ ታዲያ መድኃኒቱ የለም ማለት ነው?»

ሰባት ወንበዴ በአንድ ግልምጫ ያንበረከከችው መርፌ ዐይኗን ሰበረች። የሾፌሩ ስልክ ኪሱ ውስጥ ጮኸ። አውጥቶ አየው፤ ከሆስፒታል ነው። እየጮኸ በመዳፉ ያዘው እንጂ አላነሳውም።