የዘንገናዋ ሴትዮ

ዛር፣ ጥላ፣ የውኃ መንፈስ የሚባለውን ሁሉ ድንቁርና ነው ብዬ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የዶክትሬት ጥናቴ በሕመም ላይ ነው፣ ሰው «አመመኝ» ያለውን ወደሚለካ ነገር መለወጥ ሥራዬ ነው፣ ስለዚህ የምነግራችሁን እንደ ተረት ብትወስዱት አልቀየማችሁም። ግን እመኑኝ፣ ሆኗል።

ከእምብርቴ በታች ያለው ሕመም የጀመረኝ ተማሪ ሳለሁ ነው። እንጅባራ ውስጥ የግል ክሊኒክ ያለው ዶክተር አምሳሉ መረመረኝና «ምርመራሽ ንጹሕ ነው፤ ምንም የለብሽም፣ ስትወልጂ ይተውሻል» ብሎ ሳቀ። ያን ሳቅ ይዤ ባሕር ማዶ ሄድኩ፣ ያን ሳቅ ይዤ ተመለስኩ። አልወለድኩም፤ ሕመሙም አልተወኝም።

በ2010 ዓ.ም. የመጣሁት የእኔው ዓይነት ሕመም ላለባቸው ሴቶች የቨርቹዋል ሪያሊቲ መነጽር ልሞክር ነው፤ ዓይንን ሙሉ በሙሉ ይከድናል፣ አልጋ ላይ የተኛችውን ሴት ሌላ ቦታ ያለች ያስመስላታል፣ አእምሮዋ እዚያ ሲቆይ ሕመሙ ይቀልላታል። ቦታው እንዳይርቃቸው ብዬ እዚያው እንጅባራ አጠገብ ያለውን የዘንገናን ሐይቅ ራሴ ቀረጽኩ፦ ጭጋግ፣ ውኃ፣ ሩቅ ሆኖ የሚያሽካካ ፈረስ። ቪዲዮው ውስጥ ሰው አልነበረም።

ለሙከራው ክሊኒኩ ውስጥ ክፍል የሰጠኝ ያው ዶክተር አምሳሉ ነው። አላስታወሰኝም።

የመጀመሪያዋ ታካሚ ወይዘሮ ጥሩዬ፣ እንደ አገሩ ሴት ሁሉ ሕመሙ ሲነሣባት መቀነቷን አጥብቃ የምታስር ገበሬ ናት። መነጽሩን ስታወልቅ ፊቷ ፈክቶ ነበር።

«እታለሜ፣ ያቺ ሴትዮ ማናት?»

«የቷ ሴትዮ?»

«ውኃው ዳር ጀርባዋን ሰጥታ የተቀመጠችው። በአገውኛ ‹መቀነትሽን ፍችና ስጪኝ› አለችኝ። ሰጠኋት፣ እፎይ አልኩ።»

መቀነቷ አልጋው ሥር ወድቋል፤ ሳነሣው ርሶ ነበር። ላብ ነው አልኩ። ላብ ግን የቄጠማ ሽታ የለውም።

ከእሷ በኋላ የመጡት፣ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሴቶች፣ ያችኑ ሴትዮ አዩ። ቪዲዮውን ምስል በምስል መረመርኩት፤ ማንም የለም። በመጨረሻ እኔው አጠለቅሁት። ነበረች፣ እቅፏም በመቀነት ተሞልቷል፣ ዞር ሳትልም ጠየቀችኝ።

«ይህን ሁሉ ማን ላይ ልሰር?»

ስም ነገርኳት።

በማግስቱ ዶክተር አምሳሉ በሩን ገፋ አድርጎ ገባ። «እስቲ የሴቶቹን ሲኒማ እኛም እንየው፣ ወይስ ለወንድ አይሠራም?» እየሳቀ ተቀመጠ፣ መነጽሩን አጠለቅሁለት፣ ማሰሪያውን በጥንቃቄ አስተካከልኩለት። ሳቁ መሐል ላይ ተቆረጠ።

«ማነው ወገቤን ያሰረኝ? ኧረ ፍቱኝ!»

ጣቶቹ ከሆዱ በታች ቋጠሮ ይፈልጉ ነበር፣ የሚፈታ ግን አልነበረም። መነጽሩን ወዲያው ማውለቅ እችል ነበር። ቆሜ አየሁት።

ሕመሙ አልለቀው ሲል ባሕር ዳር ሄደ፣ አዲስ አበባ ሄደ፣ የትም ምንም አልተገኘበትም። ጎብጦ ሲመለስ ሸሚዙን ገለጠልኝ፤ ወገቡን የዞረ ቀይ ሰንበር፣ የመቀነት ጥለት ሳይቀር ቆዳው ላይ ታትሟል።

«እባክሽ፣ ምንድን ነው ያደረግሽኝ?»

«ምርመራዎ ንጹሕ ነው፣ ዶክተር፤ ምንም የለብዎትም» አልኩት። ያኔ አስታወሰኝ።

እኔን ከዚያ ወዲህ አላመመኝም። መነጽሩን ሳጠልቅ ግን ሴትዮዋ ፊቷን ወደ እኔ አዙራ፣ ባዶ እጇን ዘርግታ ትጠብቃለች። እኔም ስም አላጣሁም።