ስምንት ገመድ

የፕላዝማ ቴሌቪዥኑ አስተማሪ መልሱን ሊናገር አፉን ሲከፍት መብራቱ ድርግም ብሎ ጠፋ።

«ኧረ በሥላሴ!» ብላ ጮኸች ሰርካለም። ክፍሉ አውካካ። መብራት ሲጠፋ ሌላው ተማሪ ይፈነጥዛል፤ እሷ ግን በገነች። አርባ ደቂቃ ሙሉ እንግሊዝኛውን ከሚያንበለብለው ሰውዬ ጋር ስትሯሯጥ ቆይታ፣ ልክ መልሱ ላይ ሲደርሱ! ይኼ ግፍ አይደል?

«አቦ ተንፍሺ አንቺ ቀለሜ» አለቻት ቤተል። ዴስኩንም፣ መሐል ሜዳ ከተማ የተከራዩትንም ክፍል የምትጋራት ጓደኛዋ ናት።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የሒሳብ መምህራቸው ቲቸር በኃይሉ ጠመኔውን አነሳ። «እሺ፣ ሰውዬው ሄደ፤ እኛ አለን። ዙሪያቸው እኩል ከሆኑ አራት ማዕዘኖች ሁሉ ስፋቱ የሚበልጠው የቱ ነው? ማን ይሞክራል?»

ማን ይሞክራል ደግሞ ምን ጥያቄ ነው? ሰርካለም ሰሌዳው ጋ ደርሳለች። አንዱን ጎን ኤክስ አለችው፤ የስፋቱን ቀመር ጻፈች፤ ዴሪቬቲቩን ወስዳ ከዜሮ ጋር አስተካከለች። ጎኖቹ ሁሉ እኩል ሆነው ቁጭ አሉ።

«ካሬ!» አለች። ደስታዋ ፊቷ ላይ ያስታውቃል። እንዲህ ቁጥሩ እሺ ብሎ ሲመጣላት የምትሆነውን ያሳጣታል።

«ጎበዝ! ሰኞ ሁላችሁም ከየሰፈራችሁ አንድ አንድ ምሳሌ ይዛችሁ ኑ። ከመጽሐፍ የገለበጠ ወዮለት!»

ቅዳሜ ጠዋት ሰርካለም ስንቅ ልትወስድ ወደ ሞላሌ አቅጣጫ የሁለት ሰዓት መንገድ ተጉዛ ቤቷ ስትደርስ መንደሩ ሜዳ ላይ ወጥቷል። ሦስት ዓመት ተከልሎ የከረመው የጋራ ሣር የሚከፈልበት ቀን ነው። ሕጉ የቆየ ነው፤ ለእያንዳንዱ ቤት ስምንት ገመድ ዙሪያ። ገመዱን ይዘው የሚዞሩት የደብሩ መርጌታ ወልደ አማኑኤል ናቸው። በካስማ የተከለለው ሁሉ ዙሪያው ስምንት ከሞላ፣ ቀሪው የዕጣ ጉዳይ ነው።

ዘንድሮ ዕጣው ለአባቷ ለአቶ ገሠሠ ቀናቸው። ከሣሩ ሜዳ መካከል ያለው፣ በየጎኑ ሁለት ሁለት ገመድ የሆነው ደረሳቸው። ጎረቤታቸው እማማ ጌታነሽ፣ ባላቸው የሞተባቸው ሴት፣ ከገደሉና ከወንዙ መሐል የተቀረቀረችው ቁራጭ ደረሰቻቸው። ወርዷ ግማሽ፣ ቁመቷ ሦስት ተኩል ገመድ ናት።

«አይ ጌታነሽ፣ ዘንድሮስ አልቀናሽም» አለ አንዱ። «ጠባብነቷንስ ርዝመቷ ይክሳታል፤ ሣሯ ነው መናኛ። ቤት አይከድንም።»

እውነት ነው፣ አይከድንም። ባለፈው ክፍፍል ያቺው ቁራጭ ለነሰርካለም ደርሳ ጣሪያቸው እኩሌታው ሳይከደን ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ ዝናብ በመጣ ቁጥር የሚያፈሰው እሷ መደብ ላይ ነው። አምና የሒሳብ ደብተሯ ርሶ ቅጠሉ ተጣብቆባት እያለቀሰች በፀሐይ አድርቃዋለች። ዘንድሮ ግን በልጉ ሳይገባ ጣሪያው ይከደናል፤ ግንቦት ላይ ለኢንትራንስ ስታጠና ቀና ብላ ማየት አይኖርባትም። እሰይ!

እስቲ ያን መናኛ ሣር ልየው ብላ ወረደች። ሣሩ ደረቷ ድረስ ይመጣል፤ በእጇ ብትጨብጠው ጥቅጥቅ ያለ ነው። ምን ሆኖ ነው መናኛ? ቆማ ስታስብ የትናንቱ ሰሌዳ ትዝ አላት። እስክሪብቶ አውጥታ መዳፏ ላይ ጻፈች። ሁለት በሁለት፣ አራት። ግማሽ በሦስት ተኩል፣ አንድ ከሰባ አምስት።

ጉድ! ከግማሽም ያነሰ።

ቤት ስትገባ አባቷ ማጭዳቸውን እየሳሉ ነበር። «አባዬ፣ እስቲ ይህችን ይዩልኝ» ብላ ክር ቋጥራ መሬት ላይ ካሬ አድርጋ ዘረጋችና ውስጡን ባቄላ ደረደረችበት። ስልሳ አራት ያዘ። ያንኑ ክር ሳትፈታ ጎትታ ቀጭን አደረገችውና እንደገና ደረደረች። ሃያ ስምንት።

«ክሩ ያው ነው?»

«ያው ነው። ገመዱስ እኩል ነው አባዬ፤ መሬቱ ነው እኩል ያልሆነው።»

አቶ ገሠሠ ጢማቸውን አሻሹ። «እና እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ያን ሣር በከንቱ ስረግመው የኖርኩት!» ብለው ሳቁ። ሳቁ ግን አልቆየም። ቀና ብለው የተቦደሰውን ጣሪያ አዩ። «በዚህ ሥር የምትተኚው አንቺ ነሽ፤ ፈተናውም የአንቺ ነው። ለመርጌታ መንገሩንም አለመንገሩንም ላንቺ ትቼዋለሁ።»

ሰርካለም መደቧ ላይ ተቀመጠች። ሰኞ ለቲቸር በኃይሉ ምሳሌ ትሆነዋለች፤ ክፍሉ ያጨበጭብላታል። ለመንደሩ ደግሞ በሚቀጥለው ክፍፍል፣ የዛሬ ሦስት ዓመት ብትነግር ማን ይቀየማታል? ሐሳቡ ጣማት፤ መጣሙም አሳፈራት። አምና ርሶ የጠቆረውን ደብተሯን ገለጠች። እማማ ጌታነሽም ዘንድሮ እንደሷ ባልዲና ሳህን እያፈራረቁ ከሚንጠባጠበው ሥር ሊደረድሩ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ባቄላውንና ክሩን በኪሷ ይዛ መርጌታ ደጅ ቆመች። መርጌታ የአጽዋማቱን ቀን በባሕረ ሐሳብ የሚያሰሉ ሰው ናቸውና ቁጥር ሲባል ዓይናቸው ይበራል። እንደ አባቷ በዋዛ አላመኗትም፤ ክሩን ተቀብለው ራሳቸው ደረደሩ፣ ራሳቸው ቆጠሩ፣ አፍርሰው ደግመው ቆጠሩ።

«አቤት አቤት!» አሉ በመጨረሻ። «ስንቱን ሰው ስንበድል ኖረናል! ካስማው ዛሬውኑ ይስተካከል፤ ማጭድ ሳይገባ።» ከዚያ ቀና ብለው አዩዋት። «ታዲያ ዘንድሮ ሰፊው ለማን እንደደረሰ ታውቂያለሽ አይደል?»

ሰርካለም ባቄላዋን አንድ በአንድ ለቅማ ኪሷ ከተተች።

«ለኛ» አለች። ተነሥታም የመለኪያውን ገመድ መርጌታ ደጃፍ ላይ ከተሰቀለበት አወረደችና ትከሻዋ ላይ አደረገችው።