ቆይ፤ ይዙር

የአደን ወቅት ሊከፈት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ከማንም ቀድሞ ጉራቻ ተራራ ላይ መውጣት የዘውገ የቆየ ልማድ ነው። ፈረሱን ከታች መንደር ያስራል፣ ካፖርቱን ይደርባል፣ በሶውን በጨርቅ ይቋጥራል፣ መነጽሩን አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል፤ ከዚያ ከጥዱ ወደ ኮሶው፣ ከኮሶው ወደ አስታው ቁጥቋጦ፣ አስታውም አልቆ ጓሳ ሣርና ረጃጅም ጅብራ ብቻ ወደሚበቅልበት ብርዳም ሜዳ ቀስ እያለ ይወጣል። ጠመንጃ አይዝም። የእሱ ሥራ መምታት ሳይሆን መምረጥ ነው፤ የትኛው የደጋ አጋዘን ሸምግሎ ከመንጋው እንደተለየ አይቶ ይመለሳል፣ ዕጣ የወጣላቸው አዳኞች ሲመጡ ደግሞ እዚያው ድረስ መርቶ ያደርሳቸዋል።

ዘንድሮም አብሮት የወጣው ከድር ነው። ከድር ዱካ አንባቢ ነው፤ ሌላው ሰው ጭቃ ብቻ በሚያይበት ቦታ እሱ ማን እንዳለፈ፣ ስንት ሆኖ እንዳለፈ፣ ፈርቶ ይሁን ጠግቦ ይነግርሃል። ስንት ዘመን አብረው ሲሠሩ፣ ስንት ብርድ አንድ ድንኳን ውስጥ ሲያሳልፉ፣ አንድ ቀን አፉ ስቶት እንኳ ዘውገን «አንተ» ብሎት አያውቅም። «እኔና አንተ በአንድ ብርድ ልብስ አድረን ደግሞ አንቱታ!» እያለ ዘውገ ይቀልድበታል፤ «ይህ ሰው አንተ የሚለው ፍየልና አጋዘን ብቻ ነው» እያለም ለእንግዶቹ ያማዋል። ከድር ፈገግ ይላል እንጂ አይመልስም። ዘንድሮ ግን ፈገግታውም የለ። በክረምቱ ነፍሰ ጡር እህቱ ዙበይዳ እንጨት ልትለቅም አስታው ውስጥ እንደገባች ቀረች። መንደሩ በሙሉ ወጥቶ ተራራውን አሰሰ፣ ያገኘው ሻሿን ብቻ ነው። አንዱ ጅብ ነው አለ፣ ሌላው ገደል ነው አለ፣ ከድር ምንም አላለም።

«አንድ ሽማግሌ አይቻለሁ» አለ ከድር፣ መንደሩን ገና ለቀው ሲወጡ። «ከሜዳው ላይ አይጠፋም። እንግዳው ይወደዋል።»

«የቱ እንግዳ? ዕጣው ገና መቼ ወጣና!»

ከድር ሳይመልስ ቀደመ። ዘውገም ሐዘን ነው፣ ሐዘን ያስረሳል ብሎ ተወው።

የዘውገን ነገር ላስረዳ። ዘውገ ሕግ አክባሪ ከመሆን አልፎ ሕግ አፍቃሪ ነው፤ ሕጉን ያወጡት ሰዎች እንኳ እንደሱ አይወዱትም። ከጥቂት ዓመታት በፊት የመንደሩ ሰው አደኑ ለውጭ ሰው አድልቷል ብሎ ስብሰባ ላይ ሲያጉረመርም፣ ብድግ ብሎ የተናገረው ንግግር እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። «ዕጣው ለአገሬውም ለእንግዳውም እኩል ይውጣ፤ ተራራው የሁላችንም ነው። እንግዳ ግን ያለ መሪ አንድ እርምጃ አይራመድ። መሪ የሌለው እንግዳ ያገኘውን ነው የሚመታው፤ ያረገዘች አይል፣ ግልገል አይል። ከጎኑ የአገሩን ሰው አስቀምጡለት፤ ያኔ ወልዶ ከብዶ የጨረሰውን ሽማግሌ ብቻ ይዞ ይሄዳል። ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ ቢጭኑት አህያ፣ ቢለጉሙት ፈረስ ነው። እንግዳ መሪ ካለው ይታዘዛል።» ተጨበጨበለት። ከኋላ ቆሞ ከሁሉም አብልጦ ያጨበጨበው ከድር ነበር።

የመምራት ጥበቡ ደግሞ አንዲት ቃል ላይ ነው። ማድፈጫው ውስጥ መሪው ከእንግዳው በስተግራ ይቀመጣል፣ አፉን ወደ ጆሮው ያስጠጋል፣ ከትንፋሽ ባልበለጠ ድምፅ «ቆይ፤ ይዙር» ይላል። ፊቱን በሰጠ አጋዘን ላይ አይተኮስም፣ አቁስሎ መስደድ ነውር ነውና፤ ጎኑን እስኪሰጥ ይጠበቃል። የቸኮለ እንግዳ ይቁነጠነጣል። ዘውገ ግን አይቸኩልም፣ ምክንያቱም ሽማግሌ ቆሞ እንደማይቆይ፣ እግሩ እንደሚዝል፣ መዞሩ እንደማይቀር ያውቃል።

አስታው ውስጥ ሲሄዱ ልቡ በደስታ ሞልቶ ነበር። የመጨረሻ ልጁ ትርንጎ ወልዳ፣ እሑድ የሕፃኑ ክርስትና ነው፤ ቅዳሜ ወርዶ በግ ሊገዛ አስቧል። «እሑድ ካልተገኘሁ ትርንጎ ዓይኔን አታየውም» አለና ሳቀ።

«እንኳን ደስ ያለዎት፣ ጋሼ ዘውገ» አለ ከድር ዞር ሳይል። «ልጆችዎን ሁሉ ዳሩ፣ የልጅ ልጅ አዩ። እንግዲህ የቀረዎት ነገር የለም ማለት ነው?»

«ማረፍ ብቻ!»

ከድር አልሳቀም። ዘውገ የሰውየውን ጀርባ እያየ፣ ሐዘንተኛ ፊት ደስታ ማብዛቱ ራሱን አሳፈረው።

ሜዳው ላይ ሲወጡ መጀመሪያ ያስተዋለው ጸጥታውን ነው። በዚህ ሰዓት ቆቅ መጮህ አለባት፣ ፍልፈሎቹ ከየጉድጓዳቸው ብቅ ጥልቅ ማለት አለባቸው፣ ከሩቅም ቢሆን የአጋዘን ግልገል እናቱን ሲጣራ ይሰማል፤ ዛሬ ግን ከጓሳው መንሿሿትና ከራሱ ትንፋሽ በቀር ጆሮ የሚይዘው ነገር አልነበረም። ቀጥሎ ሽታው መጣ። እርጥብ ቆዳና የተለበለበ ቀንድ ተደባልቀው የሚሸቱትን የመሰለ፣ ነፋሱ ሲመጣ የሚሄድ፣ ነፋሱ ሲቆም ተመልሶ አፍንጫ ሥር የሚቀመጥ ሽታ ነው። ከዚያ በጠራራ ቀን ጉሙ ከሸለቆው ተነሥቶ እየተንፏቀቀ ወጣ፣ ፀሐዪቱን ሸፈነ፣ ጅብራዎቹን አንድ በአንድ ዋጣቸው።

ዘውገ የሽማግሌውን አጋዘን ዱካ ፈለገ። አንድም ኮቴ የለም። ያገኘው ማድፈጫ ነው፤ ከአስታ ቁጥቋጦ ጀርባ፣ በነፋሱ በታች በኩል፣ ጠመንጃ የሚያስደግፉበት የሚመስል ጠፍጣፋ ድንጋይ ከፊቱ ተደርጎለት፣ እሱ ራሱ ቢሆን ልክ እዚያው ይሠራው የነበረ ንጹሕ ማድፈጫ። ጓሳው በሁለት ቦታ ተጨፍልቋል፤ በስተቀኝ ትልቅ መቀመጫ፣ በስተግራ ትንሽ። እንግዳና መሪ። የዘውገ ደም ፈላ።

«ያለ ፈቃድ የገባ አለ! ያውም ከነመሪው፣ ከነባንዳው!»

«ፈቃዱን የሚሰጠው ማን ነው፣ ጋሼ?» አለ ከድር ቀስ ብሎ።

ዘውገ አልሰማውም፤ ተንበርክኮ ትልቁን መቀመጫ እያየ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ሣር ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ተጋግሯል፤ ውርጩ ያለውም መቀመጫው ላይ ብቻ ነው፣ የተቀመጠውን ነገር ቅርጽ ይዞ። ዳሌ አለው። ጉልበት አለው። ጉልበቱ የታጠፈበት ወገን ግን የሰውም የእንስሳም አልነበረም። መዳፉን ቢያሳርፍበት ብርዱ እንደ እሳት ለበለበውና እጁን ነጠቀ፣ ያ ሽታም እጁ ላይ ቀረ። ከዚያ፣ ለምን እንዳደረገው ሳያውቅ፣ በትንሹ መቀመጫ ላይ ተቀምጦ ማድፈጫው ወዴት እንደሚያይ ተመለከተ። ጉሙ ለአፍታ ሳሳ። ማድፈጫው የሚያየው የአጋዘን መሰማሪያ አልነበረም፤ ዘውገ በወጣ ቁጥር ተቀምጦ በሶውን የሚበላባትን ድንጋይ ነበር።

«እንውረድ» አለ ተነሥቶ። ፈርቷል፣ መፍራቱንም አልደበቀም።

ከሜዳው ዋናው መውረጃ አንድ ነው፤ በሁለት ገደል መካከል ያለች ጠባብ የድንጋይ በር። እዚያ ሳይደርሱ ከፊታቸው፣ ከጉሙ ውስጥ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ቀጭ አለ። ቆሙ። ድምፁም ቆመ። አንድ እርምጃ ሲራመዱ እንደገና ቀጭ፣ አሁን ቀረብ ብሎ፣ ሽታውም አብሮት። በስተግራ ወዳለችው የፍየል መንገድ ቢዞሩ እዚያም ቀድሟቸው ቀጭ አለ። ዘውገ ይህን ድምፅ ያውቀዋል። አጋዘን ወደ ማምለጫው በር ሲያመራ አይጮሁበትም፤ በሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ሁለት ድንጋይ ቀስ አድርጎ ያጋጫል፣ አጋዘኑም ሳይደነብር፣ የራሱ ሐሳብ መስሎት፣ ወደ ገላጣው ሜዳ ይመለሳል። ዘዴውን ለዚህ አገር ያስተማረው ዘውገ ነው።

«ወደ ሜዳው እንመለስ፣ ጋሼ» አለ ከድር ክንዱን ይዞ።

«ከድር፣ እንዳንለያይ። የሚመታው ከመንጋው የተለየ ነው።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

ክንድ ለክንድ ተያይዘው ወደ ኋላ ተመለሱ። የከድር እጅ ሙቀት ለዘውገ ትልቅ መጽናኛ ሆነው። ሐሳቡንም ሰበሰበ፤ ያ ነገር ምንም ይሁን ምን የዚህ ተራራ ፍጥረት አይደለም፣ ከሌላ ቦታ የመጣ እንግዳ ነው፣ እንግዳ ደግሞ ያለ መሪ ዕውር ነው። በዚህ ተራራ ላይ ከእሱና ከከድር በቀር መምራት የሚያውቅ የለም። ከድር ደግሞ ይኸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ክንዱን ይዞታል።

«ያን ቀን ስብሰባው ላይ ያሉትን አልረሳሁም» አለ ከድር በድንገት። ድምፁ ተሰበረ። «እውነትዎን ነበር። መሪ የሌለው እንግዳ ያገኘውን ነው የሚመታው።»

ዘውገ ነገሩ ዙበይዳን አስታውሶት መሆኑ ገባው። «አይዞህ ወንድሜ። አላህ ያጽናህ።»

«ሌላ እህት አለችኝ፣ ጋሼ። እሷም እንጨት ትለቅማለች።»

ይህን ብሎ እጁን ከክንዱ ላይ አነሣ። ዘውገ ዞር ሲል ጉሙ ብቻ ነበር።

«ከድር!»

አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጓሳው ላይ የሚሄድ ቀላል የሰው እግር ሰማ፤ ከዚያ እሱም ጠፋ። የቆመው በገላጣው ሜዳ መሐል ነው፤ ከፊቱ፣ በነፋሱ በታች በኩል፣ ማድፈጫው ያለበት ቁጥቋጦ በጉሙ ውስጥ እንደ ጥቁር ነጥብ ይታየዋል፣ ከኋላው የድንጋዩ በር ነው። ነፋሱ ሞቷል። ሽታው ከቁጥቋጦው ወገን እየወፈረ መጣ፤ አብሮትም ትንፋሽ፣ ረጅም፣ ያልቸኮለ፣ አንዱን ለመጨረስ የዘውገን አምስት ስድስት ትንፋሽ የሚፈጅ። ሊሮጥ ፈለገ። ለመሮጥ ግን መዞር ያስፈልጋል፣ መዞር ማለት ደግሞ ጎንን መስጠት ነው።

ስለዚህ ፊቱን ለቁጥቋጦው ሰጥቶ ቆመ። ዕድሜውን ሙሉ ያከበረው ሕግ ዛሬ ጋሻው ሆነ፤ ፊቱን በሰጠ ላይ አይተኮስም። ማንም ይሁን ምን፣ ይህን ያህል ንጹሕ ማድፈጫ ያለው እንግዳ ሕጉን ተምሯል። ቆሞ ይጠብቃል፤ ከድር ያገኘዋል፣ ከጎኑ ይቆማል፣ ሁለት ከሆኑ መንጋ ናቸው፣ መንጋ አይመታም፣ ተያይዘው ይወርዳሉ። ቅዳሜ በግ ይገዛል። እሑድ ሕፃኑን ያቅፋል። ጉልበቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ድሮም ብርድ የመታው የግራ እግሩ ነው። ክብደቱን ወደ ቀኙ አዛወረ፣ ትከሻው ትንሽ ዘመም ሲል ከቁጥቋጦው ውስጥ ያ ረጅም ትንፋሽ ቀጥ አለ፤ ደንግጦ ሲያቀና እንደገና ቀጠለ። እንባው ወረደ፣ አልጠረገውም። የሚለምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የከድርን ድምፅ መስማት።

ሰማውም። ከቁጥቋጦው ውስጥ፣ ከዚያ ትንፋሽ በስተግራ፣ እንደ ወትሮው ዝቅ ብሎ፣ እንደ ወትሮው በአክብሮት፦ «ቆይ፤ ይዙሩ።»