ተራው የማን ነበር?

«አባት፣ አንዴ ይውረዱ» አለ ፖሊሱ ከታች።

ታፔላ ጸሐፊው መሰላል ላይ ቆሞ የአንድ ዳቦ ቤት ስም የመጨረሻ ፊደል በቀይ ቀለም እየሞላ ነበር። «ይቺን ፊደል ልጨርስ» አለ ዞር ሳይል።

«ወንድምዎ ሞተዋል።»

ብሩሹ ከእጁ አልወደቀም፤ እግሩም አልተንቀጠቀጠም። መጀመሪያ የመጣለት ሐሳብ «ለካ ዘንድሮ ካርዱ ያልመጣው ለዚህ ነው» የሚል ነበር። ወንድምህ ሞተ ሲባል ስለ ካርድ የሚያስብ ምን ዓይነት ሰው ነው? ከመሰላሉ እስኪወርድ ድረስ ፊቱ በእፍረት ጋለ። ፖሊሱ ኀዘን መስሎት ክንዱን ደገፈው።

ታላቅ ወንድሙ ካርድ ሻጭ ነበር። የልደት፣ የሠርግ፣ የምረቃ ካርድ ሁሉ ይሸጣል፤ ልቡ ግን የገና ካርድ ላይ ነው። ሱቁ ከታች፣ መኖሪያው ከላይ ሲሆን ሁለቱን የሚያገናኘው ጠባብ የእንጨት ደረጃ ነው። ጠዋት ሱቅ ልትከፍት የመጣችው ሻጭ ያገኘችው ከዚያ ደረጃ ግርጌ ወድቆ ነው። ፒጃማው ላይ ካፖርት ደርቧል፤ ጫማውን ያለ ካልሲ ተጫምቷል።

ታፔላ ጸሐፊው ሲገባ አንዲት አጭር፣ ደልደል ያለች ሴት ደረጃው ላይ ተቀምጣ ካፖርቱን ጭኗ ላይ ዘርግታ ታገላብጣለች። መርማሪዋ እሷ ናት። የሥራ ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ድምፅ ሳታሰማ ነው የምትወጋው።

«ወንድምዎን መጨረሻ ያነጋገሩት መቼ ነው?»

«ቆየ።»

«ቆየ ማለት?»

«ፀጉሬ ጥቁር ሳለ።»

ፈገግ አለች። «ትናንት ማታስ የት ነበሩ?»

«ቤቴ» አለ። ይህን ውሸት ፖሊሱ ክንዱን ይዞት ሲመጣ ነበር መንገድ ላይ ያዘጋጀው።

መርማሪዋ ቀና ብላ እጆቹን አየች። ጥፍሮቹ ዙሪያ ቀይ ቀለም ደርቋል። ከካፖርቱ የውስጥ ኪስ አንድ ፖስታ አወጣች፤ ላዩ ላይ የታፔላ ጸሐፊው አድራሻ በወንድሙ የእጅ ጽሑፍ ተጽፏል።

«ልኮልኝ ነበር?»

«እሱን ነው የምጠይቅዎ። ምንድን ነው ይሄ?»

እያፈረ ነገራት። ወጣት ሳሉ አብረው ይሠሩ ነበር፤ እሱ ይሥላል፣ ታላቁ ያትማል። አንድ ገና ላይ በረዶ የረገጠች ደረተ ቀይ ወፍ ሣለ። ካርዷ እንደ ጉድ ተሸጠች። ከሥዕሉ ሥር የታተመው ስም ግን የታላቁ ነበር። ተጣሉ፤ ታናሹ ብሩሹን ይዞ ወጣ። በቀጣዩ ገና ያችው ካርድ በፖስታ መጣችለት፤ ውስጧ ዓመተ ምሕረቱ ብቻ ተጽፏል። ይቅርታ የለ፣ ሰላምታ የለ። እሱም በዓመቱ ከሥሩ አዲሱን ዓመት ጽፎ መለሳት። ከዚያ ወዲህ ያችው አንዲት ካርድ በየተራ ስትመላለስ ኖረች።

«ዘንድሮ ተራው የማን ነበር?»

«የሱ። ባትመጣ ጊዜ... በቃ ተወኝ ብዬ ነበር።»

መርማሪዋ ፖስታውን ወደ ብርሃን አዞረችው። ቴምብር ተለጥፎበታል፤ የፖስታ ቤት ማኅተም ግን አልነካውም። ከመሐሉ ታጥፎ የኖረ ነው፤ እጥፋቱ ውስጥ ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ ነገር ገብቷል።

«ይሄ የእርስዎ ቀለም ነው?»

በጣቱ ነካው፤ ተራገፈ። «ቀለም አይደለም። ቀለም ይይዛል። ይሄ ዱቄት ነገር ነው።»

በዚህ መሐል የሟቹ ልጅ እያለቀሰች ገባች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ከሥራዋ እንደሮጠች መለኪያ ሜትሩ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። አጎቷን ስታይ ደረቱ ላይ ወደቀች። ወንድማማቾቹ ቢኮራረፉም እሷ ሁለቱንም ቤት የምትረግጥ ልጅ ነበረች፤ «ጋሼ» ብላ ስትገባበት የወንድሙን ቤት ሽታ ይዛለት ትመጣ ነበር።

«ቁልፍ ያላት እሷ ናት!» አለች ልጅቱ ጥግ ወደ ቆመችው ሻጭ እየጠቆመች። «ሰሞኑን ሲጨቃጨቁ ነበር የከረሙት፤ ጠይቋት!»

«ተጨቃጭቀናል» አለች ሻጯ። «ደንበኛ ሁሉ ከነምኞቱ ታትሞ ያለቀ ካርድ ነው የሚፈልገው፣ እናስመጣ አልኳቸው። ሁለት መስመር መጻፍ ያቃተው ሰው ዝም ይበል አሉኝ። በዚህ ሰው ይገደላል? ሱቁን ዘግቼ በቀጥታ ሐኪም ቤት፣ እናቴ ጋ አደርኩ። ነርሶቹን ጠይቁ።»

«ከመዝጋትሽ በፊትስ?» አለ ፖሊሱ።

«ከመዝጋቴ በፊትማ አብረን ነበርን» አለች ሻጯ።

ጎረቤቱ ፎቶ አንሺ ተጠራ። «የሴት ድምፅ ሰምቻለሁ። ከዚያ ጓ! አለ።»

«ስንት ሰዓት ላይ?» አለች መርማሪዋ።

«እኔ ፎቶ የማጥበው ጨለማ ክፍል ውስጥ ነው፤ ሰዓት በምን አያለሁ? ደግሞ እነሱ ቤት ካርቶን በወደቀ ቁጥር ብወጣ ሥራ አልሠራም ነበር።» ይህን ብሎ አንገቱን ደፋ። ወጥቶ ቢያይ ኖሮ ምን ሊያገኝ ይችል እንደነበር ገና አሁን ይታየው ጀመር።

«የአንቺስ ቁልፍ?» አለች መርማሪዋ ወደ ልጅቱ ዞራ።

«ለአባዬ ከመለስኩለት ቆየሁ።»

ፖሊሱ ሻጯን ይዞ ወጣ። ስታልፍ ታፔላ ጸሐፊውን ቀና ብላ አየችው፤ እሱ መሬት መሬቱን አየ። ሊናገር የሚገባው ነገር ጉሮሮው ላይ ነበር። መናገር ማለት ግን እዚህ ሁሉ ሰው ፊት ራስን ማዋረድ መሰለውና ተወው።

በማግስቱ መርማሪዋ ሁሉንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሻጯም ከጣቢያ መጣች፤ ልብሷ ተጨማዷል። ካርዶቹ በየመደርደሪያው እንደቆሙ ናቸው፤ ሻማው፣ ኮከቡ፣ ቀያዮቹ ወፎች።

«ሟቹ ለደንበኛ የሚያወራት አንድ ወሬ ነበረችው አሉ» ብላ ጀመረች መርማሪዋ። «የመጀመሪያውን የገና ካርድ ያሳተመው ሰው ሥራ የበዛበት ነበር። ለእያንዳንዱ ደብዳቤ መልስ መጻፍ አቃተው፤ ዝም ማለት ደግሞ አሳፈረው። ስለዚህ አንድ ሥዕል አሠርቶ ለሁሉም አንድ ዓይነት ካርድ ላከ። ካርዱ የተወለደው ከእፍረት ነው ማለት ነው። ይሄም ነገር እንደዚያው ነው። ከሻጯ በቀር እዚህ የተሰበሰበ ሰው ሁሉ አፍሮ ነገር ደብቆኛል።»

ወደ ታፔላ ጸሐፊው ዞረች። «አባቴ፣ በሩ ጎን ያለው ደወል ላይ አንድ ቀይ የጣት አሻራ አለ። ቀለሙ የዳቦ ቤቱ ታፔላ ቀለም ነው፤ ሄጄ አይቻለሁ። ቤቴ ነበርኩ አሉኝ።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ሻጯ እያየችው ነው።

«መጥቼ ነበር» አለ። «ካርዱ ለምን እንደቀረ ልጠይቀው። ጣቴን ደወሉ ላይ አሳረፍኩ። ሳልጫን ተመለስኩ።»

«ለምን?»

«ደወሉ የሚሠራ አልመሰለኝም።» ይህ ሰበብ ለራሱም ጆሮ ውሃ እንደማያነሳ ታወቀው። «አይ፣ እኔ ቀድሜ ለምን እለምናለሁ ብዬ ነው።»

«የብረት መዝጊያው ክፍት ነበር ዝግ?»

«ዝግ። እስከ ታች ወርዶ ተቆልፏል።»

«ከላይስ?»

«መብራት ነበር። ጥላው መጋረጃው ላይ... ወዲያ ወዲህ ይል ነበር።» ድምፁ ተሰበረ። «አይቼው ነው የሄድኩት።»

«እንግዲህ» አለች መርማሪዋ ወደ ፖሊሱ እያየች፣ «ሱቁ ተዘግቶ፣ ሻጯ ሐኪም ቤት ገብታ፣ ሰውዬው በሕይወት ነበር። ጠዋት መዝጊያው ከፍ ብሎ በሩ ብቻ ተቆልፎ ነው የተገኘው። ከሷ በኋላ ቁልፍ ያለው ሰው መጥቷል። ሱቅ የመዝጋት ልማድ የሌለው ሰው ነው፤ ሲወጣ በሩን ቆልፎ መዝጊያውን ረሳ። የሟቹ ቁልፍ ከኪሱ አልወጣም። ተመለሰ የተባለው ሦስተኛው ቁልፍ ግን መሳቢያውም ውስጥ፣ ላይ ቤትም የለም።»

«አሁን ወደ ፖስታው። ሻጯ፣ አለቃሽ የወንድሙን ካርድ መቼ ነበር የሚልከው?»

«የገና ካርቶኖች ሳይከፈቱ በፊት። ከሁሉ አስቀድመው።»

«ላንቺ ይሰጡሽ ነበር?»

«ኧረ እኔን አያምኑኝም! ለልጃቸው ነው።»

«ዘንድሮም ሰጥቷታል። ፖስታ ቤት ግን አልደረሰም። ታጥፎ ከረጢት ውስጥ ከርሟል፤ እጥፋቱ ውስጥ የገባው ሰማያዊ ዱቄት ልብስ ሰፊ ጨርቅ ላይ የሚያሰምርበት ጠመኔ ነው።»

ልጅቱ ሳታስበው እጇን ወደ አንገቷ ሰደደች፤ ሜትሩ ዛሬ የለም።

«ረሳሁት» አለች። «ጋሼ ሙት፣ ረሳሁት እንጂ ሌላ አይደለም። የሠርግ ልብስ በዝቶብኝ... ያን ዕለት ማታ ከረጢቴን ሳራግፍ ወደቀ። ሮጬ ወሰድኩለት። ይቆጣኛል ብዬ ነበር፤ አልተቆጣም። ከአልጋው ተነስቶ ካፖርቱን ደረበ። ‹ወንድሜ አኩርፎኛል ብሎ ነው የሚያድረው፤ በእጄ አደርሰዋለሁ› አለኝ። በዚህ ብርድ፣ በዚያ ጉልበቱ!»

«ከኋላ ያዝሽው» አለች መርማሪዋ። ካፖርቱን አነሳች፤ የግራ እጅጌው ከትከሻው ላይ በስተኋላ ተተርትሯል። «የተገፋ ሰው ልብስ ከዚህ ጋ አይቀደድም። ልታስቀሪው ጎተትሽው፣ እሱ ተመነጨቀ፣ ስፌቱ ሲለቅ ከደረጃው ወደቀ። አንቺ አልገደልሽውም፤ ይህን ለዳኛውም እናገራለሁ።»

«ታዲያ ለምን እንይዛታለን?» አለ ፖሊሱ።

«ስለወደቀማ አይደለም» አለች መርማሪዋ፤ ድምፏ አሁን ነው የከረረው። «ሰው ሳትጠራ ቆልፋ ሄደች። በነጋታው መጥታ ጣቷን ሰው ላይ ቀሰረች።»

ልጅቱ ወደ ሻጯ መዞር አልቻለችም። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና «አፈርኩ፤ ካርድ እንኳ መላክ አቃታት እንዳይሉኝ አፈርኩ» ትላለች ደጋግማ።

ታፔላ ጸሐፊው ወደ ሻጯ ቀረበ። «ትናንት መናገር ነበረብኝ።»

«ስወሰድ ዓይኔን ማየት እንኳ አቃተዎት።»

«አፍሬ ነው።»

«እፍረትዎ እኔን እስር ቤት አሳድሮኛል፣ ጋሼ። እናቴ ሌሊቱን ስትጠራኝ አድራለች።»

ቆሞ ተቀበለው።

መርማሪዋ ፖስታውን ከፍታ ካርዱን አሳየችው። የወፏ ቀይ ደረት ደብዝዟል። ውስጡ ከላይ እስከ ታች ዓመታት ብቻ ናቸው፤ አንዱ በሱ እጅ፣ አንዱ በወንድሙ እጅ። የዘንድሮው ከታች ጠርዙ ላይ በግድ ተጨናንቆ ገብቷል፤ ከዚህ በኋላ ቦታ የለም። ከሥዕሉ ሥር የወንድሙ ስም የነበረበት ቦታ ደግሞ በምላጭ ተፍቆ ነጭ ሆኗል። ምንም አልተጻፈበትም፤ የሠዓሊው ስም እንዲገባበት ባዶ ተትቷል። ታፔላ ጸሐፊው እዚያው ሰው ፊት እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ልጅቱን ሲወስዷት በሩ ላይ ቆመች። «ጋሼ፣ ካርድ ትልክልኛለህ?»

«አልልክም።»

አንገቷን ደፋች። እሱ ቀጠለ፦ «መጠየቂያው ቀን መቼ እንደሆነ ላኪብኝ፤ እኔው እመጣለሁ። አባትሽና እኔ በፖስታ ተሸሸግን እንጂ ምን አተረፍን?»

ሁሉም ከሄዱ በኋላ ብቻውን ውጭ ቀረ። ቀይ አሻራው አሁንም ደወሉ ላይ አለ። ጣቱን በልኩ አሳረፈና ተጫነ። ከላይ፣ ባዶው ቤት ውስጥ፣ ጥርት ብሎ ጮኸ።

የሚሠራ ደወል ነበር።