ሁለቱን አንድ የሚያደርገው ትእዛዝ

ሰዓዳ ቀኗን የምትጀምረው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነበር። የስድስት ዓመት መንታ ልጆቿን ሂክማንና ኢልሃምን ትምህርት ቤት ታደርስና፣ የበልጉ ጉም ከጦሳ ተራራ ወርዶ የደሴን ቆርቆሮ ጣራዎች ሲውጣቸው ዳገቱን ወጥታ፣ የመድኃኒት መጋዘኑ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ካለችው ጠባብ ክፍል ትገባለች። ክፍሏ እርጥብ ካርቶንና አልኮል ትሸታለች። አሮጌውን ኮምፒውተር ትከፍተዋለች፤ ማራገቢያው ሲያጓራ ሻርፗን ሳታወልቅ ቆማ ትጠብቃለች። መጋዘኑ ለጤና ጣቢያዎች መድኃኒት የሚያከፋፍለው ከሃያ ዓመት በፊት በተጻፈ ፕሮግራም ነው። የፕሮግራሙ ኮድ የሚታረመው ደግሞ ጥቁር መስኮት ላይ አረንጓዴ ፊደል ብቻ በሚያሳይ፣ ማውስ የሚባል ነገር በማያውቅ ያረጀ ኤዲተር ነው። ሌላው ሠራተኛ ይስቅበታል። እሷ ግን ትወደዋለች፤ የጎደለውን ትእዛዝ ራስህ ጽፈህ ብትጨምርለት እሺ ብሎ ይቀበልሃል።

ቢሮው አንድ ልማድ አለው። ኤዲተሩንም ፕሮግራሙንም ያመጡት ጋሽ እንድሪስ፣ ጡረታቸው የደረሰ ሽማግሌ፣ እያንዳንዱን የኮድ ክፍል በጻፈው ሰው ልጅ ስም ያስጠሩታል። «በልጅሽ ስም የጠራሽውን ዝም ብለሽ አታበላሽውም» ይላሉ። ሰዓዳም መንታዎቿ በተወለዱ ዓመት ሁለት ክፍሎች ጽፋ ነበር። ወደ ደጋ ጤና ጣቢያዎች የሚሄደውን ጭነት የሚያዘጋጀው ሂክማ ተባለ፣ ወደ ቆላ የሚሄደውን የሚያዘጋጀው ኢልሃም። ከሦስት መስመር በቀር ልዩነት የላቸውም።

ፕሮግራሙ ባለፉት ዓመታት በድግግሞሽ ተጨናንቆ፣ አንዱ ጋ የታረመው ስህተት ሌላ አራት ቦታ ተደብቆ ይገኝ ጀመር። ሰዓዳ ሰለቻት። ለኤዲተሩ አዲስ ትእዛዝ ጻፈችለት፦ የሚመሳሰሉ ክፍሎችን ፈልጎ አንዱን ያስቀራል፣ ሌላውን ያጠፋል፣ የጠፋውን ይጠቅስ የነበረውን ሁሉ ወደ ቀረው ያዞራል። መጀመሪያ በየመሐሉ ይጠይቃት ነበር። «ተመሳሳይ ናቸው። ላዋህድ?» ይላታል፤ «አዎ» ትላለች። ሁለት ቀን ሙሉ አዎ ስትል ከርማ ረቡዕ ጠዋት ጣቷ ደነዘዘ። «ኡፍ፣ እንግዲህ ራስህ ጨርሰው» አለችና ፈቃዷን የሚጠይቀውን መስመር ሰረዘችው። በልጆቿ ስም የጠራቻቸው ክፍሎች ውስጡ መኖራቸው ትዝም አላላት። ማሽኑ አሮጌ ነውና ቀስ እያለ፣ መስመር በመስመር፣ እያኘከ ወረደ።

የዚያን ዕለት ቀትር ላይ መስኮቱን ከፍታ ቆማ ሳለ አዛን ሰማች። ከታችኛው መስጊድና ከላይኛው የሚወጣው ድምፅ ሁልጊዜ ግማሽ ትንፋሽ ያህል ይቀዳደማል፤ ከልጅነቷ ጀምሮ አንዱ ሲያልቅ የሌላውን ጅራት ትሰማ ነበር። ዛሬ ግን አንድ ድምፅ ብቻ ነው፣ ከሁለቱም በኩል እኩል የሚመጣ፣ ጉሙ ራሱ አፍ ያወጣ ይመስል። ጆሮዋን አሸት አደረገች። ከሰዓት ሻይ ልትቀዳ ስትነሳ የጋሽ እንድሪስ ሰማያዊ ከንፈር ያላቸው ሁለት ብርጭቆዎች አንድ ሆነው አገኘቻቸው።

«ጋሽ እንድሪስ፣ ብርጭቆዎ ሁለት አልነበረም እንዴ?»

«ኧረ አንድ ናት ልጄ፣ ድሮም አንድ ናት» አሉና ፊቷን አይተው አዘኑላት። «አብሽሪ፣ ድካም ነው።»

ሐሙስ ጠዋት ቤታቸው በር ሥር ከሚቀመጡት የልጆቹ ቀይ ቦት ጫማዎች አንድ ጥንድ ብቻ ነበር። ሌላውን ባሏ ሙሂዲን መኪና ውስጥ ትቶት ይሆናል ብላ አለፈችው። ልጆቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ጉሙ ውስጥ ቀደም ቀደም ብለው ሲሄዱ፣ ቅርጻቸው አንዴ እየሳሳ አንዴ እየወፈረ፣ ጭቃውን ሲረግጡ የሚሰማው ጩብ ጩብ የአራት እግር አልመሰል አላት፤ ቆጠረችው፣ ደግማ ቆጠረችው። የትምህርት ቤቱ በር ላይ ሁለቱም ዞረው እጃቸውን አወዛወዙላት። ወይም ጉሙ እንዲያ አሳያት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልትወስዳቸው ስትመጣ ግቢው ውስጥ ቦርሳዋን አቅፋ የቆመችው አንዲት ልጅ ነበረች።

«ሌላዋስ?» አለች መምህሯን።

«የትኛዋ ሌላ?»

ሰዓዳ ተንበረከከችና ልጅቱን አገጯን ይዛ ቀና አደረገቻት። «ሂክማ?»

«አቤት እማ።»

«ኢልሃም?»

«አቤት እማ» አለች ልጅቱ፣ ቅር ሳይላት፣ በዚያው ድምፅ።

ለሙሂዲን ስልክ ደውላ ኢልሃም የት እንዳለች ጠየቀችው። «ሰዓዳ፣ አሞሻል እንዴ? አንድ ልጅ ነው ያለን» አላት።

ያን ጊዜ ገባት። ማሽኑ በልጆቿ ስም ከተጠሩት ክፍሎች ፊተኛውን፣ ሂክማን አስቀርቶ፣ ኢልሃምን ይጠቅስ የነበረውን ሁሉ ወደ እሷ አዙሮታል፤ መምህሯን፣ አባትዬውን፣ መዝገቡን። ልጅቱን ለትምህርት ቤቱ ዘበኛ አደራ ሰጥታ ዳገቱን ሮጠች። ኤዲተሩ ከማንኛውም ለውጥ በፊት የነበረውን ቅጂ ከጎን ያስቀምጣል፤ አንድ ቃል ብትጽፍ ሁሉም ወደነበረበት ይመለሳል። እስከዚያው እንዳትረሳት ፈርታ ደረጃውን ስትወጣ ጮክ ብላ ትቆጥር ጀመር። ኢልሃም ግራኝ ናት። ኢልሃም ሽንኩርት ከወጡ ለቅማ ታወጣለች። መብረቅ ትፈራለች። አንደኛው ፎቅ ላይ ትንፋሿ አጠራትና ቆመች፤ ስትቀጥል ከሦስቱ ሁለቱን ብቻ አገኘች። ግራኝ ናት፣ መብረቅ ትፈራለች። የደረጃው መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ግራኝ ናት። «ያ ረቢ፣ አታስረሳኝ» እያለች እያለቀሰች ሦስተኛው ፎቅ ደረሰች፣ በሩን በትከሻዋ ገፋችው፣ ቅጂውን ከፈተችው።

ሁለቱም ክፍሎች ነበሩ። ሂክማ፣ ከሥሩም ኢልሃም። ከታች ጠቋሚው እየተርገበገበ «ወደነበረበት ይመለስ? አዎ፣ አይ» ይላል።

ጣቶቿን ቁልፎቹ ላይ አሳረፈች። ማራገቢያው ያጓራል። ለምን እንደሮጠች ለማስታወስ ትንሽ ጊዜ ወሰደባት፤ ፊቷ እርጥብ ነው፣ ውጭ አካፍቶ መሆን አለበት።

ጋሽ እንድሪስ ከኋላዋ መጥተው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው አነበቡ። «ይሄ ኢልሃም የሚባለው የማን ልጅ ነው?»

ሰዓዳ ስሙን ደጋግማ አየችው። የሚያምር ስም ነው። የሠራተኛውን ልጆች ሁሉ በየተራ አሰበች፤ ኢልሃም የሚባል አልመጣላትም።

«እንጃ ጋሽ እንድሪስ። ከኛ በፊት የነበረ ሰው ጽፎት ይሆናል። ደሞ ከሂክማ ጋር አንድ ነው፣ ምን ያደርግልናል?»

«አይ» ብላ ጻፈች። አሮጌው ቅጂ ጠፋ፣ መስኮቱ ጠቆረ፣ እሷም ሻርፗን አስተካክላ ተነሳች።

«ልሂድ እንግዲህ፣ ልጄን ዘበኛው ጋ ትቻታለሁ» አለቻቸው። «ብቻዋን መቅረት አትወድም፤ ምን እንደነካት እንጃ፣ ማታ ማታ እንኳ አጠገቧ የተኛ ሰው እንዳለ ሁሉ ፍራሹን በእጇ ስትዳብስ ነው የምታድረው።»